«ባላባት» የሚለው ቃልና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፎች፤ ከወላይታ ታሪክ አንጻር የቀረበ ሐተታ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፈላስፎች በመሳፍንትና በነባሩ አገዛዝ ላይ የሰነዘሩትን ሂስ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ የሚቸገረው ቃል አጥቶ አይደለም። የሚቸገረው በቃል ብዛት ነው። መስፍን፣ መኰንን፣ ባላባት፣ ጨዋ፣ ሹም፣ ባለጉልት፣ መልከኛ እያለ ቢቈጥር አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን የሚችል ይመስለዋል። ሆኖም እያንዳንዱ ቃል የራሱ የትውልድ ስፍራና የራሱ የሥራ ታሪክ አለው፤ ከስፍራው ተነቅሎ በፈረንሳይኛው ወይም በእንግሊዝኛው ቃል ላይ ሲለጠፍ ታሪኩን ጥሎ አይመጣም። ከነዚህ ሁሉ ብዙ ያገለገለውና ብዙም ያሳሳተው «ባላባት» ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የዚህን ቃል መንገድ ለመከተል እንሞክራለን። ለመመልከቻ የተመረጠው ስፍራ ወላይታ ነው፤ ምክንያቱም የቃሉ ትርጉም ከሁሉ ይበልጥ የተጣመመው በደቡቡ ክፍል ሲሆን፣ በወላይታ ደግሞ ቃሉ ከአንድ ነባር መንግሥትና ኋላም ከአንድ ለውጥ ፈላጊ ገዥ ታሪክ ጋር ተገናኝቷል።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ አመጣጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «መሳፍንት» የግእዙ «መስፍን» ብዙ ቁጥር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፈ መሳፍንት የሚባለው ንጉሥ ባልነበረበት ዘመን እስራኤልን የመሩትን ፈራጆች ታሪክ የሚናገር ሲሆን፣ እነዚያ ፈራጆች ሥልጣናቸውን ከአባት የወረሱ አልነበሩም። ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ያለው የታሪካችን ክፍል «ዘመነ መሳፍንት» የተባለው ከዚሁ መጽሐፍ ተወስዶ ነው። በቤተ መንግሥት አነጋገር ግን ቃሉ ቀስ በቀስ በደም ከንጉሥ ዘር ለሚቈጠሩት መጠሪያ ሆነ። «መኳንንት» ከ«ኰነነ» የወጣ ነው፤ መፍረድንና መቅጣትን የሚያመለክት ግሥ ነውና «ኩነኔ»ም የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ መስፍን በዘሩ፣ መኰንን በሹመቱ የሚታወቅ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ የራቀ አይሆንም፤ ምንም እንኳ በተግባር ሁለቱ እየተጋቡና እየተወራረሱ ድንበሩን ቢያደበዝዙትም። «ጨዋ» ደግሞ ቀድሞ የንጉሥ ጭፍራ ስም ነበር፤ በኋላ ነጻና ከጥሩ ወገን የተወለደ፣ ከዚያም መልካም ጠባይ ያለው ሰው ተባለበት፤ በቤተ ክህነት ዘንድ ደግሞ ካህን ያልሆነው፣ ያልተማረው ማለት ሆነ። አንድ ቃል በአንድ ቋንቋ ውስጥ ወታደር፣ የተከበረ ሰውና መሃይም መሆን ከቻለ፣ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ዘመንና ስፍራ ሳይጠቅስ ትርጉም መስጠት እንዴት እንደሚያሰጋው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ባላባት» ከሁሉም ግልጽ ነው፤ «ባለ አባት» ማለት ነው። አባት የሌለው ሰው የለምና ቃሉ የሚለው «አባቱ የታወቀ» ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ክፍል ይህ ቃል የሚመለከተው ትውልዱ ተቈጥሮ የሚገኝ፣ በዚያው ቈጠራ ርስቱን የሚያስረዳ ሰው ነው። ሹመት ኖረውም አልኖረውም ባላባትነቱ አይቀርም። ማዕረግ የሚሰጠውም የሚነሣውም ንጉሡ ሲሆን፣ አባትን ግን ንጉሥ አይሰጥም።

አሁን ወደ ፈላስፎቹ እንሻገር። በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በጋዜጣ የሚነገረው «የአብርሆት ዘመን ፈላስፎች መሳፍንታዊውን አገዛዝ ተቃወሙ» የሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። («አብርሆት» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዝ «አብርሀ» የወጣ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት በዚሁ ስም ከተሰየመ ወዲህ ከጥቂት ምሁራን አፍ ወጥቶ የሁሉ ሆኗል፤ ከ«ዘመነ ብርሃን» የሚሻልበትም ምክንያት አለው፤ ማብራት የሰው ሥራ መሆኑን ያሳያል።) ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ፈላስፎቹ እርስ በርሳቸው የተከራከሩበትን ነገር ይሸፍናል።

ሞንቴስኪዩ በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የሕጎች መንፈስ» በተባለው መጽሐፉ አገዛዝን በሦስት ከፈለ፤ ሪፑብሊክ፣ ዘውዳዊ መንግሥትና በፍርሃት የሚያስገዛው ሕግ አልባ አገዛዝ። «አሪስቶክራሲ» የሚለውን ቃል የመደበው በሪፑብሊክ ውስጥ ነው፤ ይኸውም የበላይ ሥልጣን በሕዝቡ ሁሉ ሳይሆን በከፊሉ እጅ ሲሆን የሚገኘው የሪፑብሊክ ዓይነት ነው። በደም የከበሩት ወገኖች ግን ለእርሱ ሌላ ነገር ናቸው። እነርሱ በዘውዳዊ መንግሥት ውስጥ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል የቆሙ መካከለኛ ኃይላት ሲሆኑ፣ እነርሱ ሲጠፉ ንጉሡ ያለ ገደብ ገዥ ይሆናል ይላል። ሞንቴስኪዩ ራሱ ባሮን ነበር፤ በቦርዶ ፍርድ ቤት የነበረውንም የፕሬዚዳንትነት ሹመት ከአጎቱ ወርሶ በኋላ ሸጦታል። እንግዲህ ተርጓሚው አሪስቶክራሲውንም በደም የከበሩትንም «መሳፍንት» ብሎ ቢተረጕም፣ ሞንቴስኪዩ በአንድ ገጽ «መሳፍንት የሪፑብሊክ ዓይነት ናቸው»፣ በሌላው ገጽ «መሳፍንት የዘውድ መሠረት ናቸው» ያለ ይመስላል። አንባቢ ደራሲው ተምታቶበታል ይላል፤ የተምታታው ግን ትርጉሙ ነው።

ቮልቴር በዚህ ነገር ከሞንቴስኪዩ ጋር አይስማማም። በ1726 እ.ኤ.አ. የአንድ ታላቅ ቤተሰብ ተወላጅ በአሽከሮቹ አስደብድቦት፣ ፍትሕ ቢጠይቅ የታሰረው እርሱ ነበር፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ቮልቴር የሚመኘው መካከለኛ ኃይላትን ሳይሆን፣ ካህናቱንና ታላላቅ ቤተሰቦችን ልክ የሚያስገባ ብርቱና አስተዋይ ንጉሥ ነበር። ሩሶ ደግሞ በ1762 እ.ኤ.አ. በወጣው «ማኅበራዊ ውል» አሪስቶክራሲን በሦስት ይከፍለዋል፤ የተፈጥሮ፣ የምርጫና የውርስ። የመጀመሪያው የቀደሙት ሕዝቦች የሽማግሌዎች አመራር ነው፤ ሁለተኛው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሦስተኛው ከአገዛዞች ሁሉ የከፋ ነው። እዚህ ላይ «ባላባት» የሚለው ቃል ምንም ሊረዳን አይችልም። «በምርጫ የሚገኝ ባላባትነት» ማለት አባትን በድምፅ ብልጫ እንደ መምረጥ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት ግን አማርኛ «ሽማግሌ»፣ ወላይትኛ ደግሞ «ጪማ» የሚል ቃል አላቸው፤ ሁለቱም ዕድሜንና የመዳኘት ሥልጣንን በአንድነት ስለሚይዙ ሩሶ የፈለገውን ያለ ድካም ይገልጻሉ።

አገራችንም በዚህ ክርክር ውስጥ ስሟ ተነሥቷል። ሞንቴስኪዩ በዚሁ መጽሐፉ በ24ኛው ክፍል፣ የግዛቱ ስፋትና የአየሩ ጠባይ ቢያመቹም ያለ ገደብ የሚያስገዛ ሥርዓት በኢትዮጵያ እንዳይተከል ያገደው የክርስትና ሃይማኖት ነው ይላል። እርሱ ኢትዮጵያን ያየው በተጓዦችና በሚሲዮናውያን መጻሕፍት ነውና ፍርዱ ለእኛ ታሪክ ምስክር ሊሆን አይችልም። ለቃላት ጥናት ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ስለ አገዛዛቸው መጻፍ ሲጀምሩ፣ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር። በገዥና በገበሬ መካከል ያለው ወገን ጋሻ ነው ወይስ ሸክም?

በወላይታ የዚህ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው ከ1887 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወላይታ በ«ካዎ» የሚመራ የራሱ መንግሥት ነበረው። ሁለት ሥርወ መንግሥታት፣ ይኸውም የወላይታ ማላና የትግሬ የሚባሉት፣ ተከታትለው እንደ ገዙ በአፍ ታሪክ ይነገራል። ከካዎው በታች አውራጃ የሚያስተዳድሩ «ዳና»ዎች ነበሩ። ይህ መንግሥት የእኩልነት መንግሥት ነበር ማለት አይደለም፤ ሸክላ የሚሠሩት «ጭናሻ» የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በጋብቻና በማዕድ አይደባለቁም ነበር፤ ባርነትም ነበር። ይህን መዘንጋት በኋላ የመጣውን በደል ለማጉላት ሲባል ታሪክን ማሳመር ይሆናል። የመጨረሻው ካዎ ጦና፣ ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ራሳቸው ባዘመቱት ብርቱ ጦር ተሸንፎ፣ ቈስሎና ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የሄደ ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሞታል፤ የእልቂቱና የምርኮው ብዛት ከዚያ መጽሐፍ ይታወቃል።

ከድሉ በኋላ የመጣው አስተዳደር በደቡቡ ሁሉ በሰፊው የታወቀው ነው። ነፍጥ ይዞ የመጣው ወታደር ደመወዝ ስላልነበረው ገባር ተመደበለት። «ገባር» ግብር ከፋይ ማለት ነው፤ ግን ግብሩ እህል ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ነበር። ቋንቋውን የማያውቀው አዲስ ገዥ ገበሬውን ለማግኘት ከአገሬው ወገን መካከለኛ አስፈለገው፤ ያን መካከለኛ የጠራበት ስም «ባላባት» የሚል ነበር። በብዙ ስፍራ ለዚህ ሰው ከመሬቱ ሲሶ ይተውለታል፤ እርሱም ግብር ያስገባል፣ ሰው ያቀርባል፣ ጠብ ያበርዳል።

የቃሉ መገለባበጥ እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ባላባት የሚባለው ንጉሥ ያልሰጠውን አባት የያዘ ሰው ነበር። በወላይታ ባላባት የተባለው ግን በአዲሱ መንግሥት ዕውቅና የቆመ ሰው ነው። አባቱ የታወቀ ሊሆን ይችላል፤ ባላባት ያደረገው ግን አባቱ ሳይሆን ሹሙ ነው። በአንድ ፊት የተሸናፊው ሕዝብ ወገን ነው፤ በሌላው ፊት የአሸናፊው እጅ ነው። ሞንቴስኪዩ «መካከለኛ ኃይል» ያለው ንጉሡን የሚገታ ነበር፤ ይህኛው መካከለኛ የቆመው የንጉሡን ትእዛዝ ወደ ታች ለማድረስ ነው። ስለዚህ የሞንቴስኪዩን ጽሑፍ በ«ባላባት» ተርጕሞ ለወላይታ ተማሪ የሚሰጥ መምህር፣ ሲሶ በልቶ ግብር ያስገባ የነበረውን ሰው የነጻነት ዘብ አድርጎ ያቀርብለታል። ተማሪው የአያቱን ታሪክ ከቤቱ የሚያውቅ ከሆነ ፈላስፋውን ይስቅበታል። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ያምነዋል።

ተመሳሳዩ ስሕተት በተቃራኒው አቅጣጫም ይደርሳል። ስለ ወላይታ የተጻፈ የቀድሞ አስተዳደር ደብዳቤ «ባላባቱ እንዲህ አለ» ሲል፣ ተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው በደም ለከበረ ሰው የሚነገረውን ቃል ይጠቀማል። የውጭ አገር አንባቢም በሰሜን ፈረንሳይ ካለ የግንብ ቤት ጌታ ጋር የሚመሳሰል ሰው በዓይነ ሕሊናው ይሥላል።

ስለ ገበሬውም መጠሪያ አንድ ነገር ብንጨምር ከነገሩ አንወጣም። «ጭሰኛ» ከ«ጭስ» የመጣ ነው፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ እሳት አንድዶ የሚኖር፣ በጎጆው ጭስ የሚቈጠር ሰው ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይም በምድጃ እየተቈጠረ የሚከፈል ግብር ነበረ፤ ስሙም ከ«እሳት» የወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ገበሬውን በጭሱ አገኙት። ይህን የመሰለ አጋጣሚ ሲገኝ ተርጓሚ ሊደሰት ይገባዋል፤ ዘወትር አይገኝምና።

በአማርኛ በነባሩ አገዛዝ ላይ የተሟላ ሂስ ከጻፉት ቀዳሚው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. የታተመው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እና ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የወጣው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዛሬም ለቃላት ጥናት የማያልቁ ምንጮች ናቸው። እርሳቸው በጀርመንኛ የተማሩ ሰው ነበሩና የአውሮፓውን አስተሳሰብ ያውቁታል፤ ነገር ግን የአውሮፓን ቃል እያነሡ አልጣሉም። ሹምና ወታደር ያለ ደመወዝ ከገበሬው ጫንቃ እየበላ እንደሚኖር ሲያሳዩ የተጠቀሙት በገበያና በገበሬ ቤት የሚታወቀውን አማርኛ ነው። የንጉሡ ንብረትና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለያዩ፣ ግብር ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እንዲተካከል ጠየቁ። ለዕውቀት ብርሃን የመረጡት ቃል «አእምሮ» ነበር። በአስተሳሰባቸው ከሩሶ ይልቅ ወደ ቮልቴር ይቀርባሉ ብንል ስሕተት አይመስለንም፤ ተስፋ የጣሉት በአስተዋይ ንጉሥ ላይ ነውና።

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህን ተስፋ በከፊል የመለሰ ይመስላል። መሳፍንቱንና መኳንንቱን ከየግዛታቸው አውጥቶ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር ላይ አስቀመጠ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስም የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ ደነገገ። በዚህ አኳኋን መካከለኛው ወገን ከንጉሡ ሥር ገባ እንጂ ከገበሬው ጫንቃ አልወረደም።

በወላይታ ይህን ሸክም ለማውረድ ከመንግሥት ወንበር ላይ ሆኖ የሞከረው ግርማሜ ንዋይ ነው። ግርማሜ ከሸዋ መኳንንት ወገን የተወለደ፣ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ሰው ሲሆን፣ ለማስተርስ ዲግሪው የጻፈው በኬንያ ስለነበረው የነጮች ሰፈራ ነበር። ይህ የጥናት ርእስ እንዲያው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም፤ መሬቱን ሌላ ሰው የያዘበት ገበሬ ጉዳይ ነውና። በ1950ዎቹ ዓመታት መባቻ ግድም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በዚያን ጊዜ አጠራር «የወላሞ አውራጃ» ገዥ ሆኖ ተሾመ። («ወላሞ» ሕዝቡ የማይወደው የንቀት ስም ስለነበር በኋላ ቀርቷል፤ በጥንት ሰነዶች ላይ ያለውን ስም ግን መዝጋቢው ሳይለውጥ ማስፈር፣ የመቅረቱንም ዘመን መጻፍ ይገባዋል።) ግርማሜ በዚያ ሥራ ፈቶ የነበረውን መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች አከፋፈለ፤ መንገድና ትምህርት ቤት ለማሠራት ተነሣ። ባለመሬቶቹ ከሰሱት፤ ወደ ዋናው ከተማ ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ከዚያም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጕብኝት ላይ ሳሉ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ከነበረው ወንድሙ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪ ሆነ። ሙከራው ከሸፈ። ግርማሜ በዚያው ወር ሞተ፤ መንግሥቱም ተፈርዶበት በስቅላት ተቀጣ።

ስለ ግርማሜ ብዙ ተጽፏል። የቃላት ተመራማሪን ሊስብ የሚገባው ግን አንድ ነገር አለ። በዚያ የታኅሣሥ ቀን በራዲዮ የተነበበው የአልጋ ወራሹ ንግግር፣ አዲሱ ንጉሥ በሕገ መንግሥት መሠረት ደመወዝ ተቈርጦለት እንደሚያገለግል ተናግሯል። ገብረ ሕይወት የንጉሡና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለያይ ካሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት ገደማ ቀርቶት ነበር። «ደመወዝ» የሚለው ቃል እስከዚያ ቀን ከሎሌና ከጸሐፊ በታች ካለው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከንጉሥ ጋር ሲጣመር ግን ዘውዱን ከእግዚአብሔር ስጦታነት ወደ ሥራ መደብ አወረደው። የሩሶ ማኅበራዊ ውል በአማርኛ ከተተረጐመባቸው መንገዶች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ተርጓሚዎቹ ሩሶን ያንብቡ አያንብቡ ሌላ ጥያቄ ነው።

ከግርማሜ ጋር አንድ ሌላ ንጽጽር ይነሣል። በፈረንሳይም በነባሩ አገዛዝ ላይ የጻፉት ብዙዎች ከዚያው ወገን የተወለዱ ነበሩ፤ ሞንቴስኪዩና ዶልባክ ባሮኖች፣ ኮንዶርሴ ማርኪ ነበሩ። ባለ አባቶቹ ባላባትነትን ነቀፉ። ይህ ለተርጓሚ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል፤ ቃሉ ሥርዓትን የሚጠራ ሆኖ ሳለ ሰውን የሚጠራ ሲሆን ሂሱ ይጠፋና ስድብ ብቻ ይቀራል።

ይህ ለውጥ በአውሮፓም ታይቷል። «አሪስቶክራሲ» ለብዙ ዘመን የአገዛዝ ዓይነት ስም ነበር። አንድን ሰው «አሪስቶክራት» ብሎ መጥራት የተስፋፋው በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ቃሉ የጠላት መለያ ሆነ። ሲዬስ በ1789 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለ ሦስተኛው መደብ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ልዩ መብትን የሚነቅፍ ነበር፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ግን ጥያቄው «ምን መብት አለው?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ነው?» ሆነ።

በእኛም አገር «ባላባት» በ1960ዎቹ ዓመታት ይህንኑ መንገድ ሄደ። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በወጡ ጊዜ የነቀፉት የመሬት ይዞታን ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን በየጋዜጣውና በየመድረኩ «ፊውዳል»፣ «ባላባታዊ ሥርዓት»፣ «አድኃሪ» የሚሉት ቃላት እየተከታተሉ መጡ፤ «ባላባት» የ«ፊውዳል» ትርጉም ተደርጎ ተወሰደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ አንድ ቤተሰብ የሚይዘውን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በወላይታ ለነበረው ጭሰኛ እውነተኛ ነጻነት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የቃሉ ነገር ግን ሌላ ነው። በሰሜን በርስት የሚኖር፣ ሁለት በሬ ብቻ ያለው ሰውም ባላባት ነኝ ይል ነበር፤ በወላይታ ባላባት የሚባለው ሲሶ የተሰጠው የአገሬው ሰው ነበር፤ በከተማ ደግሞ ባላባት ተብሎ የሚገመተው ብዙ ጋሻ መሬት ያለው ሹም ነበር። ሦስቱም በአንድ ቃል ተጠርተው በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። የመዝገበ ቃላት ስሕተት ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ሊያሳስር እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ ያን ዘመን ያስታውስ።

ሌላው ሊታረም የሚገባው ቃል «ባህላዊ» ነው። በዛሬ ጽሑፎች የወላይታ ካዎ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ «ባህላዊ አስተዳደር» ተብሎ ይጠቀሳል፤ የሰሎሞናዊው ግን «ዘውዳዊ መንግሥት» ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ? ካዎውም ነበረው ዙፋን፣ ወሰን፣ ሹማምንት፣ ግብር። የአብርሆት ዘመን ጸሐፍት «ነባር» አገዛዝ ብለው የነቀፉት የራሳቸውን ነገሥታት ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ስንዋስ ለተሸናፊው ብቻ ሰጠነው። ወላይትኛ በዚህ ረገድ አይቸገርም። «ካዎ» ካለ በኋላ «-ተታ» የሚለውን የረቂቅ ስም ባዕድ መድረሻ ጨምሮ «ካዎተታ» ይላል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም የእግዚአብሔር መንግሥት የተባለው በዚሁ ቃል ነው። ለሰማዩ መንግሥት የበቃ ቃል ለምድሩ መንግሥት አነሰ ማለት አስቸጋሪ ነው። እንደዚሁም «ካዎ»ን ወደ አማርኛ ስንመልስ «ባላባት» ወይም «የጎሳ መሪ» ከማለት «ንጉሥ» ማለት፣ ወይም ቃሉን ራሱን መዋስ ይሻላል።

ቃልን ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ በወላይታ ደም የፈሰሰበት ጥያቄ መሆኑንም የቋንቋ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። በኋላ በላቲን ፊደል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ግን ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በማደባለቅ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጁ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤት ሲላኩ፣ በኅዳር ወር በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፤ መጻሕፍቱም ተነሡ። በማግስቱ ዓመት ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አራቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና በሥነ ልሳን ዓይን ሐሳቡ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የጐደለው ነገር ተናጋሪው ሳይጠየቅ መወሰኑ ነበር። ፈላስፎቹ ስለ ሕግ የጠየቁትን የሶዶ ሰዎች ስለ ቃል ጠየቁት።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። ለአሪስቶክራሲ፣ አገዛዝን ሲያመለክት፣ «የጥቂቶች አገዛዝ» ማለት በግሪክኛ «ከሁሉ የበለጡት» የሚለውን ስለሚጥልና ለሌላ ቃልም ስለሚያገለግል አይበቃም፤ «የምርጦች አገዛዝ» ይሻላል፤ ሩሶ ሦስቱን ዓይነቶች ሲለይም «በልደት»፣ «በምርጫ»፣ «በዕድሜ» እየተባለ ሊጨመርበት ይችላል። በደም ለከበሩት ወገኖች «መሳፍንት»፣ በሹመት ለከበሩት «መኳንንት» ቢጸና ሞንቴስኪዩ ከራሱ ጋር አይጣላም። «ባላባት» ግን ለአውሮፓ ነገር ባይሰጥ ይመረጣል። በመዝገቡ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ትርጉም ከስፍራውና ከዘመኑ ጋር ይጻፍ፤ በሰሜኑ ርስት አገር ትውልዱ የታወቀ ሰው፤ ከ1880ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በወላይታና በሌላው ደቡብ ክፍል ከአገሬው ተመርጦ በመንግሥትና በገባር መካከል የቆመ፣ በብዙ ስፍራ ሲሶ የሚሰጠው ሹም፤ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በፖለቲካ ንግግር ባለመሬት፣ ፊውዳል። ለሁለተኛው ትርጉም ምስክር የሚሆኑ አባባሎች በሶዶም ሆነ በቢጠና ካሉ አረጋውያን አፍ በሁለቱም ቋንቋ እንዲቀዱና፣ ወላይትኛው ከአማርኛው ጐን ሳይታረም በካርዱ ላይ እንዲሰፍር ያስፈልጋል።